በተራራው ጫፍ ያለው የድንጋይ ክምር

ካናዳ ውስጥ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ካናዳዊ ሽማግሌ አፓርትመንት ቀለም ልቀባ ሄጄ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ካርታ ማውረድ ነበረብኝ። ካርታ ማንበብ አላውቅም፤ የሚታየኝ የተጠማዘዘ ቡናማ መስመር ብቻ ነው።

«ያንተ አገር ነው» አሉኝ። «በወጣትነቴ ያን ደረቅ ተራራ ሁሉ እየለካን የሠራነው ነው።» ጣታቸውን አንዱ ጫፍ ላይ አድርገው ስሙን ጠሩት። የኛ ተራራ ነው።

«እላዩ የድንጋይ ክምር አለ» አልኳቸው። «ጻድቅ የከመረው ነው እየተባለ ሰው ይሳለመዋል። እናቴ ልጅ አጥታ፣ እዚያ ተስላ ነው እኔን ያገኘችው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ይቅርታ አድርግልኝ። የከመርኩት እኔ ነኝ። ስንለካ ከሩቅ እንዲታየን ብለን ነው።»

የእናቴ ስለት ለመለኪያ ድንጋይ ነበር ማለት ነው? በሆዴ «ጌታ ሆይ» እያልኩ ካርታውን አወረድኩ።

ካርታውን ተቀብለውኝ፣ «አንድ ቀን እዚያ ጫፍ ላይ ውሃ አልቆብን፣ የሚወስደን ሄሊኮፕተር ሳይመጣ ቀረ» አሉ። «በሕይወቴ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ክምሩ ሥር ተንበርክኬ፣ ‹ካለህ እኔንም፣ ከኔ በኋላ እዚህ መጥቶ የሚለምንህንም ሁሉ ስማ› አልኩት።»