ዓይን ያልገባለት ሥዕል

ሴትዮዋ ሥዕል ማየት የምትጀምረው ከጀርባው ነው። መጀመሪያ ገልብጣ ሸራው እንዴት እንደተወጠረ በጣቷ ትዳስሳለች፤ ፊቱን የምታዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ግራጫ ካፖርቷን በላሊበላ የቀትር ፀሐይ እንኳ አላወለቀችም።

የቤቱ ባለቤት ሠዓሊው አዝመራው በዓይኑ ይከተላታል።

«ጓድ ልበልዎት ወይስ እሜቴ? ማን ነው የላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም። የየአገሩን ሠዓሊ ሥራ እየመረጥኩ ባንድ አዳራሽ ጎን ለጎን እሰቅላለሁ።»

በዚያ ዘመን ማንም ያልላከው ሰው ያስፈራ ነበር።

ለቀበሌው የሣላቸውን ባንዲራ የያዙ ገበሬዎች አልፋ፣ ጥግ ላይ በነጠላ የተሸፈነውን ሥዕል ገለጠች። ዓይን ያልተሣለለት ወጣት ነው።

«ልጄ ነው» አለ አዝመራው። «ለጦር ወሰዱት።»

«አንዲት የቺሊ እናት የጠፋ ልጇን መልክ በክር የጠለፈችበት ጨርቅ አለኝ። ከእሱ ጎን ልስቀለው፤ ይስጡኝ።»

«እኛ ዘንድ ዓይን መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ዓይን የገባለት ሥዕል አለቀ ማለት ነው። የሱን ሲመለስ እያየሁት አስገባለታለሁ። እስከዚያ ከቤት አይወጣም።»

ሴትዮዋ ነጠላውን በነበረበት እጥፋት መልሳ አለበሰችው።

«ይመለስልዎት፣ አባቴ።»

ካፖርቱ ከትከሻዋ የተረፈ፣ እንደ ልጁ ላለ ወጣት ወንድ የተሰፋ መሆኑን አዝመራው ያስተዋለው ጀርባዋን ሰጥታው ስትወጣ ነው።