ከአስካለች ፊት የተጻፈው ስም

አስካለች ሶዶ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ጎደሬ ሲበሰብስ ማየት» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉኑኖና ሻንቶ ገጠር ድረስ እየተመላለሰች፣ ሴቶቹ የቆፈሩት ጎደሬ እንዳይበላሽ ምን እንደሚያደርጉ ስታጠና ነበር። አንዷ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ሌላዋ ጉድጓድ ቆፍራ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ታነጥፍበታለች፤ ሌላዋ ደሞ እንዲሁ ጓዳ ጥግ ከምራ ትተወዋለች። አስካለች በየሳምንቱ እየሄደች የተበላሸውን ትለያለች፣ ትመዝናለች፣ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ዝናብ ከሆነ ባጃጁን ጭቃ ይይዘውና ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሄዳለች። ስልሳ አራት ቤት! የየቤቱ ውሻ እንኳን ለምዷት መጮህ ትቶ ነበር።

ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፋ አስራ ዘጠኝ ገጽ አደረገችውና ውጭ አገር ላለ ጆርናል ላከችው። ጆርናል የጥናት ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት ነው፤ ግን የተላከለትን ሁሉ አያወጣም። መጀመሪያ ሌሎች የተማሩ ሰዎች ያነቡታል፣ «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄን አስተካክሉ» ይላሉ። የሚላከው ደሞ በኢንተርኔት ነው። አንድ ገጽ ይከፈትና የጸሐፊዎቹን ስም በተራ አስገቡ ይላል።

ነገር የመጣው እዚህ ጋ ነው። አስካለች አንደኛው ቦታ ላይ የጋሽ ዱባለን ስም ጻፈች። የራሷን ሁለተኛ።

ጋሽ ዱባለ ያስተማሯት ሰው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ዱቦ ነው የሚኖሩት። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አርመውላታል፤ ስሌቱንም ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ጉኑኖ ግን አንድ ቀን አልሄዱም። ቢሆንም ትልቅ ሰው ናቸው። ትልቅ ሰው ቆሞ ማን ቀድሞ በር ይገባል? የእጅ ውሃ ሲቀርብ እንኳን ከሳቸው ነው የሚጀመረው። አስካለች ቁጭ ብላ አስባበትም አይደለም፤ እጇ ነው በራሱ የጻፈው።

ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። ጥሩ ነው፣ ጥቂት አስተካክላችሁ መልሱት ይላል። መጀመሪያ ለጋሽ ዱባለ ደወለች። ከዛ ወንደሰን ቢሮ ሮጠች። ወንደሰን የሥራ ባልደረባዋ ነው፣ ከሷ ቀድሞ ሁለት ጽሑፍ አውጥቷል። አነበበና ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው? ጋሽ ዱባለ አንደኛ?»

«ታዲያሳ! ትልቅ ሰው አይደሉ?»

«የሰርግ መጥሪያ መሰለሽ እንዴ፣ ሽማግሌ የምታስቀድሚው? እዚህ አንደኛ የሚጻፈው ሥራውን የሠራው ነው።»

«እነሱ ማን እንደሠራው በምን ያውቃሉ?»

«በስሙ ተራ ነዋ! አሁን በነሱ ቤት ጭቃ ለጭቃ የዞሩት ጋሽ ዱባለ ናቸው። አንቺ ዣንጥላ ያዥ ነሽ።»

እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ኮሌጁ በዛ ዓመት ለዶክትሬት የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። መስፈርቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ አመልካቹ አንደኛ ጸሐፊ የሆነበትና ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ። ያመለከቱት ሦስት ናቸው። ሁለተኛ ሆና ከቀረች ወረቀቷን ገልጦ የሚያይላት የለም።

ተራውን መቀየር ይቻላል። ግን ጆርናሉ ለዚህ ፎርም አለው፣ ሁለቱም ይፈርሙበታል፣ «ለምን ቀየራችሁ» የሚል ሳጥንም አለው። እንግዲህ ጋሽ ዱባለ ከፊት ወደ ኋላ ሊሄዱ በገዛ እጃቸው ሊፈርሙ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፎርሙን አሳትማ በሚኒባስ ዱቦ ወረደች፤ የቀረውን በእግሯ። የምትናገረውን መንገድ ላይ አስር ጊዜ አጥንታዋለች። በሩ ጋ ስትደርስ አንዱም ትዝ አላላትም።

«ሳሮ፣ ሳሮ ልጄ! ግቢ!» አሉ ጋሽ ዱባለ በአገርኛው ሰላምታ። ስለ ቤተሰቧ ጠየቁ፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ዝናቡ። ባለቤታቸው እትዬ አሳየሽ የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡ። አስካለች አንድ ጎደሬ በላች፣ ሁለተኛም ደገመች።

«ጋሼ፣ ጽሑፉ ላይ ተሳስቻለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ቁጥሩ ላይ?»

«ስሙ ላይ። ተራው ላይ» አለችና የቀረውን ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፣ መስፈርቱን፣ ፎርሙን፣ ሁሉን።

ጋሽ ዱባለ የያዙትን ጎደሬ ሰሃኑ ላይ መለሱት።

«ተነግሯል እኮ» አሉ።

«የት ጋሼ?»

«ቸርች ነዋ። ባለፈው እሁድ ሽማግሌው ቦልቴ ተነስቶ፣ የወንድማችን ጥናት ውጭ አገር ሊወጣ ነው፣ ስሙም አንደኛ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። አሁን ተነስቼ የለም፣ ሁለተኛ ነኝ ልበል? ከሆነስ ከጽሑፉ ጨርሰሽ አውጪኝ!»

እትዬ አሳየሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ጉኑኖ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ አንተ? ይቺ ልጅ እግሯ እስኪላጥ ዞራለች። አንተ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ ቁጭ!»

«እስክሪብቶም ሥራ ነው አሳየሽ።»

«ነው እንጂ! ሻይ እየጠጡ የሚሠሩት።»

«አላወጣዎትም ጋሼ» አለች አስካለች። «ያረሙት እርስዎ ነዎት። ስምዎ ከጠፋ እሱም ውሸት ነው።»

ጋሽ ዱባለ ሰሃኑን ገፋ አደረጉ። ከዛ «ያንን መጽሔት ማነው የሚያነበው?» አሉ።

«ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች። አዲስ አበባም ጥቂት ሰው።»

«የኛ ቸርች ሰውስ?»

«አይመስለኝም።»

«ቦልቴ?»

«ጋሽ ቦልቴ እንግሊዝኛ ያነባሉ እንዴ?»

«የት አባቱ!» አሉ። እጃቸውን ጠረጉ፣ እስክሪብቶ ተቀበሉ። ሳጥኑ ውስጥ፣ ሥራውን የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ አርሜያለሁ ብለው በጥሩ እንግሊዝኛ ጻፉና ፈረሙ። ወረቀቱን ሲሰጧት ግን አንዱን ጫፍ አልለቀቁም።

«እዚህ የተነገረው እንደተነገረ ይቆይ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሰው ቢጠይቅሽስ?»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ለቀቁላት።

ጽሑፉ ነሐሴ ላይ ወጣ፣ አስካለች አንደኛ፣ ዱባለ ሁለተኛ። የዶክትሬቱም ቦታ ለሷ ሆነ። ከመሄዷ በፊት ልትሰናበታቸው ዱቦ ሄደች፣ እሁድ ስለነበረ አብራቸው ቸርች ገባች። ፕሮግራሙ እንዳለቀ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጥተው እጇን ጨበጡ። ጋሽ ቦልቴ ናቸው።

«ጋሽ ዱባለን በጥናቱ ስትረዳ የነበረችው አንቺ ነሽ አይደል?»

ጋሽ ዱባለ አጠገቧ ቆመው የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያሉ።

«አዎ» አለች አስካለች። «ረድቻቸዋለሁ።»

«ጎበዝ! ትልቅ ሰው ሥር ሆኖ መማር ጥሩ ነው። ጌታ ሲረዳሽ አንድ ቀን አንቺም የራስሽን ትጽፊያለሽ።»

«አሜን» አለች።