ዘፋኙ «ደህና ሁኑ» ያለ ዕለት

ክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት አንድ ዓይነት ጊታር አለ፤ ድምፁ አልቅሶ ጨርሶ እንደሚንሰቀሰቅ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ጸጉሬን ስቆረጥ ከሬዲዮ ሰማሁትና፣ ጸጉር ቆራጩ ሁለቴ «ቀና በል» እስኪለኝ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። እንዴት ልበል፤ ሮተርዳም ውስጥ ዙይድ በሚባለው ሰፈር ወደነበረችው፣ ከእህቴ ከሰናይት ጋር ወደምንተኛባት ጠባብ ክፍል መለሰኝ።

በሱዳን አድርገን ሆላንድ ከገባን ሦስተኛው የብርድ ወቅታችን ነበር። አባቴ ራይስዋይክ የምትባል ከተማ እየተመላለሰ ቢሮ ያጸዳ፣ እናቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ትውል ነበር። ሰናይት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ። ልቧ ታማሚ ስለነበረ ደረጃ ስትወጣ በየመሃሉ እየቆመች ታርፍ፣ ብርዱ ሲጠና ትምህርት ቤት ቀርታ አልጋዋ ላይ ትውል ነበር። እዚያው ሆና አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ በሬዲዮ እየጠበቀች በካሴት ትቀዳ ነበር፤ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ስለ መንገድና ጥለውት ስለሄዱ ሰዎች የሚዘፍን።

«ይሄ ሰውዬ ከብት ጠፍቶበት ነው እንዴ እንዲህ የሚጣራው?» ይላት ነበር አባቴ።

«አባዬ ደግሞ! ፍቅረኛው ናት የጠፋችው።»

«ከብት ይሻለው ነበር» ትል ነበር እናቴ ከወጥ ቤት።

ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሰማን። ሐኪሞቹ ቅጠል ሲረግፍ ልቧን ቀዶ ጥገና እናደርጋለን አሉ፤ ዘፋኙ ደግሞ በበጋው ሮተርዳም ይመጣል ተባለ። ሰናይት ስለ ቀዶ ጥገናው ምንም አልጠየቀችም። «ከዚያ በፊት የእኔን ዘፈን አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ልስማው» ብቻ አለች። የእሷ ዘፈን የምትለው ስለ ቤት መመለስ የሚዘፍነውን፣ በዚያ በሚንሰቀሰቅ ጊታር የሚጀምረውን ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉ ኮንሰርት ላይ ምን እንደሚጠብቀን ስታስተምረኝ ከረመች። የአባቴን ባርኔጣ ደፍታ፣ የጸጉር ብሩሽ ጨብጣ አልጋው ላይ ትቀመጥና፣

«ስማ አንተ ሞኝ» ትለኝ ነበር። «መጀመሪያ የሚወጡት ሙዚቀኞቹ ናቸው፤ እሱ መስሎህ ጮኸህ እንዳታዋርደኝ። ከዚያ እሱ ይወጣና የከተማውን ስም ይጠራል፣ ሰዉ ያብዳል። ፈጣን ፈጣኑን ይጨርስና በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ቀስ ያሉትን ይዘፍናል። መጨረሻ ላይ ደህና ሁኑ ብሎ ይሄዳል።»

«እኛም ወደ ቤት!»

«ውሸቱን ነዋ! ሰው ሲያጨበጭብለት ይመለሳል። የእኔን ዘፈን የሚያስቀምጠው ለዚያ ነው። ከወንበርህ ብትነሳ፣ ወየውልህ!»

በበጋው አንድ እሑድ ከሰዓት አባቴ ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ ወሰደን። መቀመጫችን ከሁሉም በላይ ስለነበር ሰናይት ደረጃውን እያረፈች፣ እያረፈች ወጣችው። ዘፋኙ ከዚያ ላይ ሲታይ አውራ ጣት አያክልም። ግን ሁሉም እሷ እንዳለችው ሆነ፤ ሙዚቀኞቹ፣ የከተማው ስም፣ በርጩማው። አንዱ ነገር በተፈጸመ ቁጥር በክርኗ ጎኔን ትነካኝ ነበር።

እኔ ግን ሰልችቶኝ ነበር። እውነቱን ልጻፍ። አባቴ ስንወጣ ፓታት እንደሚገዛልኝ ቃል ገብቶልኝ ስለነበር፣ የማስበው የተጠበሰውን ድንችና የሚፈስበትን ማዮኔዝ ብቻ ነበር።

ዘፋኙ ባርኔጣውን አንስቶ አንድ ነገር ተናገረና ሄደ። አባቴ በጩኸቱ መሃል ስላልሰማ ወደ እኔ ዞረ፤ ከቤተሰቡ ሁሉ የፈረንጅ ቋንቋ ቶሎ የለመድኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ደብዳቤም ሆነ ሐኪም ምን እንዳለ የሚጠይቀኝ እኔን ነበር።

«ምን አለ?»

«ደህና ሁኑ አለ።»

አባቴ ወዲያው ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈ።

«አባዬ፣ ይመለሳል!» አለች ሰናይት።

«ልጄ፣ ሰውየው እኮ ተሰናበተ። ደህና ሁኑ ተብሎ መቀመጥ ነውር ነው።»

«ሰዉ እያጨበጨበ ነው!»

«እየሸኙት ነዋ!» አለና ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። «እውነቷን ነው? ይመለሳል?»

ሰናይት አየችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ደረጃውን ወርደን ጨርሰን፣ ሰናይት አንድ እጇን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ እንዳስገባች፣ ከላይ ያ ጊታር ተንሰቀሰቀ። እሷ ቀጥ አለች። አባቴ ፊቷን አየና ገባው፤ ጀርባውን ሰጥቷት በርከክ አለ።

«ነይ፣ ላዝልሽ።»

«አባዬ፣ ሰው ያየኛል፤ ትልቅ ልጅ እኮ ነኝ።»

«ነይ አልኩሽ!»

አዘላት። በሱፉ፣ በክራባቱ፣ እየቃተተ ደረጃውን ያዘው፤ እኔ ሹራቧን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ከላይ የሚደርሰን ከበሮውና የሰዉ ድምፅ እንጂ ቃሉ አልነበረም። መሃል ስንደርስ ጭብጨባው ፈነዳ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ሰዉ እየሳቀ ወደ እኛ ይወርድ ጀመር።

«በቃ አባዬ፣ አውርደኝ» አለች። «ሰምቼዋለሁ።»

ፓታቱን በላሁት። እስከ መጨረሻው በላሁት።

ቅጠሉ ሲረግፍ ሰናይት ሆስፒታል ገባች፣ አልተመለሰችም።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እሑድ እሑድ ሄጄ ስጠይቀው፣ ሻይ ያቀርብና፣ «ነውር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው እንደሚመለስ ማን ያውቃል?» ይላል። ማንም አያውቅም ነበር ብዬ እንዳጽናናው ይጠብቃል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና፣ እንደሚመለስ እያወቅኩ ፓታቱ አጓጉቶኝ «እኔ እንጃ» አልኩ። አሁን ጸጉሬ መሸበት ጀምሯል፤ ሻዬን አነሳለሁ፣ አባቴም ፊቴን ያያል፣ ዝም እላለሁ።