እማማ አቤት እንግዳ የሆኑበት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው «እማማ አቤት» እያለ ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት በደወል ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ በመንገድ የሚያልፍ ብስክሌት ቢያቃጭል እንኳ «አቤት» ብለው ዘወር ይላሉ።

ያገለገሉበት የዱሮ ፎቅ ቤት አሁን ሆቴል ሆኗል። የቀድሞው ባለቤት የልጅ ልጅ ወርሶት፣ የብረት አልጋውን፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ ከየክፍሉ እስከ ወጥ ቤት የተዘረጋውን የደወል ገመድ ሳይቀር እንዳለ አቆየው። እንግዶቹ ገመዱን መሳብ ስለሚወዱ ውሃ ሳይጠማቸውም ይደውላሉ።

እማማ ጡረታ ሊወጡ ነው። የምትተካቸው የእህታቸው ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሥራው በብርቱ ያስፈልጋታል። ዳሩ ግን ወር ሙሉ ለእንግዳ አንድ ብርጭቆ እንኳ አላደረሰችም። ደወል በጮኸ ቁጥር እማማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ደረጃው ላይ ናቸው። ሲነጋ ሲመሽ ጉልበቴን የሚሉት ሴትዮ ያን ጊዜ ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ።

ባለሆቴሉ መላ ዘየደ።

«እማማ፣ ዛሬ እንግዳ ነዎት፤ ላይኛው ክፍል ይዋሉ። ዛሬም እሷ ብቻዋን ካልሠራች ግን ሌላ ሰው ልፈልግ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ገዶኝ፤ እንደ እመቤት ተንጋልዬ እውላለሁ» አሉ እማማ።

የታለና። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ። ከዚያ የተነጠፈውን አልጋ አፍርሰው እንደገና አነጠፉት። አራት ሰዓት ላይ ሻይ አማራቸውና ዕድሜ ልካቸውን የታዘዙበትን ገመድ ሳቡት። ታች ወጥ ቤት ደወሉ ጮኸ።

«አቤት» ብለው በሩን በርግደው ወረዱ።

ወጥ ቤት ሲደርሱ የእህታቸው ልጅ ትሪ ይዛ ቆማለች። ባለሆቴሉም አለ።

«ማነው የደወለው?» አሉ እያለከለኩ።

«እርስዎ ነዎታ» አለ ባለሆቴሉ፣ ሳቁ እያመለጠው።

የእህታቸው ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ለካ እንጀራዋን የምዘጋባት እኔው ነኝ፣ አሉ እማማ በልባቸው። «ሻይ አምሮኝ ነው» ብለው ተመልሰው ወጡ።

ገመዱን እንደገና ሳቡት። አሁን ግን የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። ኮቴ ተሰማ፤ ሰባተኛው ደረጃ እንደ ልማዱ ሲጢጥ አለ፤ በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ሻዩን ይዛ ገባች። ማንኪያ ረስታለች። እማማ ምላሳቸውን ነከሱ።

«ሌላ ምን ልታዘዝ፣ አክስቴ?»

እማማን በዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

«ቁጭ በይ» አሏት። «እኔን እዚህ ቤት ቁጭ በይ ያለኝ ሰው የለም።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። እማማ ገና አንዴ ፉት እንዳሉ ታች ደወሉ ጮኸ። ሁለቱም ብድግ አሉ።

«አቤ…» አሉ እማማ። የቀረውን ዋጡትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሂጂ፤ አንቺን ነው የሚጠሩት።»