አባቴ በሬዲዮ የተናገረባቸው ሁለት ቅዳሜዎች

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሁለተኛ ክፍል ልሁን ሦስተኛ እንጃ፣ የፊት ጥርሴ ግን ገና አልበቀለም ነበር። የሚመጣብኝ ድምፁ ነው፤ የድሮ ሬዲዮ ሲከፈት መጀመሪያ እንደ ንብ ያጉረመርምና፣ ሆዱ ሲሞቅ ቀስ ብሎ የሰው ድምፅ ይሆናል። ዛሬም የልጄ ፍሪጅ እንደዚያ ሲያጉረመርም፣ የሚናገር ሰው ያለ መስሎኝ ቀና እላለሁ።

ቤታችን ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው በቆሙበት ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቁልፍና ማጠፊያ ይሸጥ ነበር። ክረምት ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ገበያውን ሲበትነው፣ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ ይመጣና የክፍለ ሀገሩን ፕሮግራም ይሰማ ነበር። ጋዜጠኞች በየወረዳው እየዞሩ የሕዝቡን አቤቱታ የሚያሰሙበት ነበር፤ ጉድጓድ ደረቀ፣ አስተማሪ አልመጣም፣ ድልድይ ተሰነጠቀ። አባቴ ከሬዲዮው ጋር ይጣላል፤ «አንተ ሰውዬ፣ ድልድዩን አይተኸዋል? ይልቅ እኔን ጠይቀኝ!» ይለዋል። እናቴ «ቀስ በል፣ ይሰማሃል እኮ» እያለች ትስቅበት ነበር።

መስከረም ሲጠባ ለመስቀል አገር ቤት ገባ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ የት ይገባል? በዓሉ አልፎ ሌሎቹ ነጋዴዎች ሲመለሱ ግን የሱ ሱቅ እንደተዘጋ ቀረ። ከዚያ አንድ ማለዳ የእድራችን ሰዎች በራችንን አንኳኩ። የተሳፈረበት አውቶቡስ ሲሻገር ድልድዩ ተደርምሶ ወንዝ ገብቷል፣ የተገኘም ያልተገኘም ሰው አለ፤ አባቴ ካልተገኙት ነው።

ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ ከግድግዳው ወዲያ የአባቴ ድምፅ ተሰማ። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ነበር፤ ሬዲዮ ከፍቶ ይፈትሻል።

«እኔ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ» አለ አባቴ። «ይሄ ድልድይ ክረምት በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሰው ካልበላ የሚሠሩት አልመሰለኝም።» ሳቀ። ሁለት ጊዜም ሳለ።

አንዷ ሴት «ኧረ እመብርሃን! አለ!» ብላ ጮኸች። የእድራችን ዳኛ ከዘራቸውን መሬት መትተው፣ «የመንግሥት ሬዲዮ የሞተ ሰው አያናግርም» ሲሉ ነገሩ አለቀ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ተነቀለ። እናቴ ፊቷን ታጥባ ጥቁሯን አወለቀች። «ቆስሎ አንድ ቦታ ተኝቶ ይሆናል» ትል ነበር።

ጥቅምት ብርዱን ይዞ ገባ። እናቴ በየማታው የሱን ድርሻ ከድና ታስቀምጥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነበርኩ የምበላው፣ ባዕድ ቤት የምበላ ይመስለኝ ነበር። ሬዲዮውንም አትዘጋውም፤ ወሬ ባይኖረውም እንዲያው ሲያጉረመርም ይውላል። ጎረቤቶች በራችን ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ብቻዬን ሳለሁ፣ ያው ፕሮግራም ጀመረና አባቴ መጣ። «አባዬ!» አልኩት። እሱ ግን ለበዓል የመጣ ነጋዴ መሆኑን ነገረኝ። ስለ ድልድዩ ያንኑ አለ፣ ያንኑ ሳቅ ሳቀ፤ አሁን ሁለት ጊዜ ይስላል ብዬ በሆዴ ሳስብ፣ ሁለት ጊዜ ሳለ። በሕይወት ያለ ሰው እንደዚያ አይስልም።

እየሮጥኩ ጋሽ ተካ ዘንድ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኩት። መፍቻውን አስቀምጦ ቁልቁል አየኝ።

«ድምፅ ቴፕ ላይ ይቀዳል፣ ልጄ። ከቀዱት በኋላ ሳምንትም ወርም ቆይተው ያሰሙታል፤ ሲፈልጉ ይደግሙታል። አውቶቡሱ ላይ ሳይወጣ የተናገረው ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«የዚያኑ ቀን። የፈረሰውን ድልድይ እንደቆመ አድርጎ ሲያወራ ገባኝ። የእናትህን ፊት ሳይ አፌ ተያዘ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ለእማዬ ማን ይነግራታል?»

መፍቻውን መልሶ አነሳ። ቀናት አለፉ፤ የሱ አፍም የኔም አልፈታ አለ፣ ሰሃኑም በየማታው ይከደን ነበር።

ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ቆሻሻውን በየደጁ አቃጥሎ፣ ጭሱ ሰው ከሰው እንዳይተያይ አድርጎ ነበር። ጋሽ ተካ ከጭሱ ውስጥ ብቅ ብሎ «ና፣ ዛሬ ነው» አለኝ። አብረን ገባን፤ ለእናቴ ቁጭ ብሎ ነገራት። ዞራ ሬዲዮውን አየችው። ከዚያ እጇን ሰደድ አድርጋ ዘጋችው፣ ቤቱም ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭር አለ።

«ታዲያ ያን ሁሉ እራት የማስቀምጠው ለማን ነበር?» አለች።

በማግስቱ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ።

ያ ሰፈር ዛሬ ፈርሷል፣ ፎቅ ቆሞበታል። የሬዲዮ ጣቢያውም በየክልሉ፣ በየከተማው ነው፤ ሰው ከመንገድ ዳር ደውሎ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ድልድዩ በቀጥታ ይናገራል። ጋዜጠኛው «አሁን የት ሆነው ነው የሚደውሉልን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰውየውም «ይኸው እዚሁ ቆሜ» ሲል፣ እኔ ሽማግሌው እፎይ እላለሁ። ያኔ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅልን አልነበረም። ያን የጭስ ቀን ብቻዬን ብሆን፣ የቤታችንን ደፍ አላልፈውም ነበር። እጄን ይዞ ያስገባኝ ጋሽ ተካ ነው።