አባባ የለቀቁልኝ ቦታ

ልጅ ሳለሁ፣ ያ በሽታ አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ አያቴ ተረት የሚነግሩን ከግቢው ማዶ ሆነው ነበር። ቤታችን ልደታ፣ ከጠመንጃ ያዥ ወረድ ብሎ ካለው ቅያስ ውስጥ ነው። አባባ የምንላቸው አያቴ አርጅተው ስለነበር፣ እናቴ ከማድቤቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል ለብቻቸው ሰጥታ፣ እኛን ልጆቹን ወደዚያ ዝር እንዳንል አስጠነቀቀችን። ሲመሽ እሳቸው በራቸው ላይ ከከሰል ማንደጃው ጋር ይቀመጣሉ፤ እኛ በዋናው ቤት በር ተኮልኩለን እንሰማለን። መብራት ሲጠፋ ከፍሙ በላይ የሚታየን ነጩ ማስካቸው ብቻ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፃቸው ስለሚዋጥ ተረቱ ይቆማል፣ ሲያባራ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከሁሉ የምወደው ከምባታ ያደጉበትን መንደር ሲተርኩ ነበር። ያኔ ቄሱ በበቅሎ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ ወረርሽኝ ገባና ሰው ከየእንሰት ጓሮው እንዳይወጣ ተባለ፤ ቄሱም ቀሩ። እሑድ የመንደሩ የሃይማኖት መምህር ጉብታ ላይ ወጥቶ ጸሎት ሲያሰማ ቅርብ ያለው ቤት አሜን ይላል፤ ያልሰማው ከጎረቤቱ ተቀብሎ አሜን ይላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ታናሽ ወንድሜ መጨረሻ ላይ ያለው ሰውዬስ ብሎ ሲጠይቅ፣ አባባ እሱማ ቁርሱ ይዘገይበታል ብለው ይስቁ ነበር።

እኛ ካቶሊኮች ነን፤ ያ ዓመት የመጀመሪያ ቁርባኔን የምቀበልበት ነበር። ነጭ ቀሚሴ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። ቀሚሱ ሳልለብሰው ሊያጥረኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። ያኔ አባባ መምህሬ ሆኑ። ከማዶ ይጠይቁኛል፣ እኔም እየጮኽኩ እመልሳለሁ። አቀባበሉንም በቁራሽ ዳቦ አለማመዱኝ፤ እጅ ደረት ላይ ይሆናል፣ አፍ ብቻ ይከፈታል። እጅ አይነካውም ይሉኝ ነበር ደጋግመው።

በኋላ ሲከፈት፣ መግባት በተራ ሆነ። አግዳሚዎቹ ላይ ምልክት ተለጥፎ፣ በር ላይ ያለው የጸበል ሳህን ደርቆ፣ የሰላምታው መጨባበጥ ቀርቶ ጎንበስ ማለት ብቻ ሆነ። ለእኛ ቤት አንድ ቦታ ደረሰን። እናቴ ለአባባ ነበር ያሰበችው፤ ቅዳሴውን በስልክ ሲከታተሉ ቁርባን ላይ ሲደርስ ተነሥተው እንደሚቆሙ ሁላችንም እናይ ነበርና። እሳቸው ግን ከማዶ እንዲህ አሉ፦

«እሷ ትሂድ። እኔ የናፈቀኝ የማውቀው ነው፤ እሷ ገና አላወቀችውም።»

ተራዬ ሲደርስ ማስኬን ዝቅ አድርጌ አፌን ከፈትኩ። ቄሱ በቀስታ «እጅሽን ዘርጊ፣ ልጄ» አሉኝ። አቀባበሉ መለወጡን አባባም እኔም አልሰማንም ነበር። አፌን ከፍቼ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል። እጄን ከደረቴ አንሥቼ ዘረጋሁ፤ ተቀበልኩ።

ደጅ ስትጠብቀኝ የነበረችው እናቴ ደስ አላለሽም ወይ ብትለኝ ቀድሜያት ወደ ቤት መራመድ ጀመርኩ። አባባ ይቺማ አልቆረበችም ይሉኛል ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ቦታቸውንም ያበላሸሁባቸው መሰለኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ሳኒታይዘር ብትዘረጋልኝ፣ መዳፌን ጨብጬ እምቢ አልኳት።

አባባ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አባባ፣ በእጄ ነው የተቀበልኩት» አልኳቸውና አለቀስኩ።

እሳቸውም ያን ሁሉ ጊዜ ያልተሻገሩትን ግቢ ተሻገሩ። እናቴ ኧረ አይጠጉ እያለች፣ እሳቸው ማስካቸውን አውርደው የጨበጥኩትን እጅ ፈታ አደረጉና መዳፎቼን አንድ በአንድ ሳሙ። ጢማቸው ሲወጋኝ ዛሬም ይሰማኛል።

ደግነቱ ክፉ ነገር አላገኛቸውም። ቀጣዩ ተራ ሲደርሰን የሄዱት እሳቸው ናቸው፤ ከግቢው ማዶ ሆኜ እጅ አዘረጋጉን ያለማመድኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ግራውን ከላይ ያድርጉ፣ አባባ፣ እያልኩ እጮኽባቸው ነበር።

ዛሬ አባባ የሉም፤ ብዙው ምእመንም በአፉ ወደ መቀበል ተመልሷል። እኔ አሁንም እጄን እዘረጋለሁ። በእጅሽ መቀበል አይገባሽም ብሎ የሚያስፈራኝ ሐሳብ አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ እሱንም የምመልሰው እጄን ማን እንደሳመው አስታውሼ ነው።