የአባቴ ሸሚዝና የበርበሬው ቅባት

ወቅቱ በጋ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ወሩን ግን አላስታውስም። እናቴ ዘይቱን ይዛ የመጣችው ጠይቄያት ይሁን ሳልጠይቃት፣ ይህንንም ባሰብሁት ቁጥር በተለያየ መልክ ይታየኛል። ትዝታዬን በዝርዝር ነገር ብዙም አላምነውም። ሸሚዙን በተመለከተ ግን አምነዋለሁ።

አባቴ በሰንበቴ የከብት ገበያ ደላላ ነው። ፍየልና ግመል ነድቶ ከቆላ የሚመጣውን አፋር ከደጋ ከሚወርደው ገበሬ ጋር ያገናኛል። በሦስት ቋንቋ ያስማማል፤ በሦስቱም ይቆጣል። ሥራው ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋ ሰው መካከል መቆምን፣ መጎተትን፣ ሲጎትቱትም መቻልን ይጠይቃል። በዚያ በጋ ሰዎች አልማዝ ባለጭራ የሚሉት በሽታ ከግራ ብብቱ ሥር ተነሥቶ እስከ ጀርባው ዞረበት። ቁስሉ ታክሞ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ። ቆዳው ደህና መስሎ ሳለ ሸሚዝ ሲነካው ፍም የነካው ያህል ትንፋሹ ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ ከገበያ ቀረ። ከሚሴ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሽርጥ ብቻ አገልድሞ፣ ወደ ሰንበቴ የሚወርዱትን ሚኒባሶች በዓይኑ እየሸኘ ይውላል። ከሕመሙ ይልቅ ገበያው ያለ እሱ መዋሉ ይብስበት እንደነበር ፊቱ ይናገር ነበር።

ሐኪሙ ቅባት አዘዘለት። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቼ አሁን በከተማችን የማስተምር በመሆኔ፣ አባቴ የአጠቃቀሙን ወረቀት እንዳነብለት ሰጠኝ።

«ከምን የተሠራ ነው?» አለኝ።

«ከበርበሬ፣ አባ። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። እሱን ለይተው አውጥተው ነው።»

ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እሱማ በእናትህ ጓዳ ሞልቷል። ለምን ሐኪም ቤት ድረስ ለፋን?»

«የጓዳው አይሆንም። ምን ያህል እንደሚያቃጥል አይታወቅም፤ ቆዳ ያቆስላል። ይሄ ተለክቶ የተሠራ ነው።»

ከዚያም የገባኝን ያህል አስረዳሁት። በቆዳ ውስጥ ያሉ ነርቮች ሙቀት ሲበዛ የሚከፈት በር አላቸው፤ ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍታል። አንጎል «ተቃጠልሁ» ይላል፣ እሳት ግን የለም። ቅባቱ በየቀኑ ሲደጋገም ነርቩ ይደክማል፣ ሕመም መላኩንም ይተዋል።

«ሻጭም እንደዚያው ነው» አለ አባቴ። «መጀመሪያ ዋጋ ስትጠራለት ይጮኻል። ደጋግመህ ስትመጣበት ድምፁ ይወርዳል።» ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነርቩ ይሞታል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይሞትም። ቅባቱን ሲያቆሙ ተመልሶ ያድጋል» አልሁት። ይህን ያልሁት በእርግጠኝነት ነበር፤ እርግጠኛ ግን አልነበርሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ጎኑን በባዶ እጁ ቀባ፤ እጁንም በውሃ ተለቃለቀ። እሱም እኔም ያላሰብነው ነገር የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ መጣ። ለሰላቱ ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ፣ በዚያው እጁ አፉን ተጉመጠመጠ፣ አፍንጫውን አጠበ፣ ፊቱን አበሰ። ከንፈሩም አፍንጫውም ዓይኑም በአንድ ጊዜ ነደደ። ውሃ በጨመረ ቁጥር ቃጠሎው እየተስፋፋ ሄደ። እንባው እየወረደ የቅባቱን ቱቦ ወደ ግቢው ወረወረው።

«ከሰላቴ ጋር ሊያጣላኝ ነው የመጣው» አለ። «እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ። ገበያውም ይቅርብኝ።»

ይህን ሲል የተሰማኝ ፍርሃት ትዝ ይለኛል፤ አባቴ «ይቅርብኝ» ያለውን ነገር መልሶ ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። ካፕሳይሲን በውሃ እንደማይሟሟ፣ በቅባት ግን እንደሚሟሟ ልነግረው አፌን ስከፍት እናቴ የዘይቱን ጠርሙስ ይዛ ደርሳ ነበር።

«በርበሬ ነክቶ በውሃ የሚታጠብ ማን አለ?» አለች። «ይልቅ እጅህን ዘርጋ።»

በዘይት አሸችው፣ በሳሙና አጠበችው፣ ፊቱንም በዘይት በራሰ ጨርቅ ዓይኑን እየጠበቀች ጠረገችለት። ቃጠሎው እየሰከነ ሲሄድ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዴት እንደሚሆን ሦስታችን ተቀምጠን ተስማማን። ቅባቱ የሚቀባው ከሰላት በፊት ሳይሆን ከሰላት በኋላ፣ እጅ ላይ ፌስታል ተጠልቆ ነው። ጠብታ ቢነካው እንኳ መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ሳሙና፣ ውዱእ በመጨረሻ። ቱቦውን ከግቢው ያነሳው ራሱ አባቴ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ቅባቱ ጎኑን ባቃጠለው ቁጥር ጥርሱን ነክሶ የአላህን ስም እየደጋገመ ዚክሩን ይላል፤ «ተውኝ» ግን አላለም። ጎረቤታችን የጨው ነጋዴ አንድ ቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘውና በኦሮምኛ ደኅንነቱን እየጠየቀ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አካም ጅርታ? በየሰርጉ ሚጥሚጣ እንደ ስኳር ስትቅም የኖርከው ሰውዬ፣ በቅባት ታለቅሳለህ?»

«አንተ በአፍህ ትበላዋለህ» አለው አባቴ። «በጎንህ ብላውና ያኔ እናወራለን።»

«አብሽር፣ ገበያው ይጠብቅሃል። አንተ ከቀረህ ወዲህ የሚዋሽልን ሰው አጣን።»

አባቴ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ያንን ሸሚዝ እንኳ የማያስነካ ጎኑን በእጁ ይዞ መሳቁን ልብ ያልነው ጎረቤታችን ከሄደ በኋላ ነው።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ልብስ የሚያስችል ሆነ። በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ ነጭ ሸሚዙን አስመጣ። ልረዳው ስጠጋ በክርኑ ገፋኝና ቁልፎቹን ከታች እስከ አንገቱ ድረስ ራሱ ቆለፈ። ሰንበቴ አብሬው ወረድሁ። ገና ከመግባታችን የድሮ ደንበኛው የሆነ አንድ ረጅም አፋር በሩቅ አየው፤ ሰዉን ጥሶ መጣና በደስታ ግራ ጎኑን መታ አደረገው። እኔ ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ ግን ሰውየውን አቅፎ ሰላም ካለው በኋላ፣ ሰውየው ሊሸጥ ያመጣውን ግመል ጥርስ እንዲያይ አፉን እንዲከፍቱለት ጠየቀ። በብዙ ሰው ፊት ቆሜ በአባቴ የኮራሁበት ቀን ነው፤ ዲግሪዬን የተቀበልሁ ዕለት እንኳ እንዲህ አልኮራሁም።

ቅባቱን ካቆመ ከወራት በኋላ፣ ሲነጋ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ጎኑ ላይ ሳያቃጥለው፣ ከመታመሙ በፊት እንደነበረው እንደሚሰማው ነገረኝ። ያኔ በረንዳው ላይ ሳላረጋግጥ የሰጠሁት መልስ ትዝ አለኝና መጻሕፍት አገላበጥሁ። ትክክል ነበርሁ፦ ካፕሳይሲን በተደጋጋሚ ሲቀባ በቆዳ ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ቅባቱ ሲቆም ደግሞ ቀስ በቀስ ተመልሰው ያድጋሉ።